ማቆሚያው በአንቺ እጅ ነበር

ውድ ኦዜላ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎችን እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ሚስ ቢውላ በየፋሲካው ለባሏ እየጻፈች መቃብሩ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ስትሸጉጥ፣ «ፖስታ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ብዬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። አንቺ ያኔ በክርንሽ ጎሸምሽኝ። አሁን እኔው ራሴ በረንዳሽ ላይ፣ ያውም ያንቺው ወንበር ላይ ተቀምጬ ለአንቺ እጽፋለሁ። ወንበርሽን ስለወሰድኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። የሌላው ወንበር እግር ይወላገዳል፤ ልጅሽ ልሙኤል አበጀዋለሁ ካለ ሰነበተ።

ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ከቆርቆሮው ዳስ ውስጥ፣ ባልሽ፣ ወንድሜ ቶሊቨር፣ ጊታሩን ይጫወታል። ዘፈኑን የጀመረው የጠዋቱ ጤዛ ሳይደርቅ ነው። አሁን የዛፉ ጥላ ዞሮ በረንዳው ጋ ደርሷል፤ ዘፈኑ ግን ያው ነው። ያው አንድ ቃና፣ ያው የተረከዙ ድብደባ። ልሙኤል ከበሮሽ ኋላ ተቀምጧል። የልጅ ልጅሽ ሻኒስ ቤዝ ጊታሯን ይዛ ከጎኑ ቆማለች። እኔ ደግሞ የዕረፍት ተራዬ ነው። አዎ፣ በተራ ሆነናል። ለምን በተራ እንደሆንን ልንገርሽ፤ በመጨረሻም የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። ከአንቺ በቀር የሚመልሰው ሰው የለም።

ነገሩን ከመጀመሪያው፣ በሥርዓቱ ላስቀምጠው።

በመጋቢት ቀበርንሽ። ጥሩ ቀብር ነበር። በቀብሩ ወረቀት ላይ ዕድሜሽን በአራት ዓመት ጨምረው አትመውት ስለነበር በሙሉ መልሼ እንደገና እንዲያትሙት አደረግሁ። እንዲህ ማስረጀታቸውን ይቅር እንደማትዪ አውቃለሁ። የጽዮን ተራራ መዘምራን ሁለተኛውን መዝሙር ከሚገባው በላይ ፈጠን አድርገው ዘመሩት፤ ስለ እሱም ተናግሬአቸዋለሁ። ቶሊቨር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳጥኑ እስኪወርድ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አለቀሰ። መሞትሽ ገባው ብለን ነበር። ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ሆኖ፣ «ኦዚ በየትኛው መኪና ነው የምትመጣው?» አለ።

ልሙኤል መሪውን ጨብጦ መንገዱን ብቻ አየ። አንቺ ስትሸፍኚው የኖርሽውን ነገር ያን ቀን አወቅን። ስም ሲጠፋበት ቀድመሽ ትጠሪለት ነበር። የዘፈን ስንኝ ሲጠፋበት ከኋላው ጮክ ብለሽ ትዘፍኚ ነበር፤ እኛ ደግሞ ደስታ ነው እንል ነበር። እንዲያ ሆነሽ ስንት ጊዜ ኖርሽ? ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም። ብነግራት ታርመኛለች ብለሽ ይሆናል።

አባታችን ባንዱን ሲመሠርት ያወጣው ደንብ አንድ ብቻ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዘፈኑን የጀመረው ሰው እስኪያቆም ድረስ ማንም እጁን ከመሣሪያው አያነሳም፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ ሰው ቢጣላ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ። አባባ ሲሞት ጊታሩም ደንቡም ለቶሊቨር ሆነ። አንቺ በሙሽርነትሽ መጥተሽ ከበሮው ኋላ ስትቀመጪ፣ «ደግሞ ሴት ልጅ ከበሮ?» ያለውን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ዝም አሰኘሽው። እኔ ፒያኖውን የተማርኩት ከሚስ ሃርግሮቭ ነው፤ በማስመሪያ የጣቴን አንጓ እየመታች፣ ቆጥረሽ ግቢ፣ ቆጥረሽ ውጪ እያለች። ወንድሜ ግን በዕድሜው ቆጥሮ አያውቅም። የምንጫወተው የብሉዝ ዘፈን በደንቡ ከሆነ አሥራ ሁለት ተቆጥሮ ወደ መጀመሪያው ይዞራል፤ የቶሊቨር አሥራ ሁለት አንዳንዴ አሥራ ሦስት ተኩል ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይዞርም። ስለዚህ ፒያኖዬን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ለአንቺ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዓይኔን የእሱ ተረከዝ ላይ ተክዬ ስከተለው ኖርኩ። ተረከዙ ሲቆም እቆማለሁ። በዚህ መንገድ ነበር ዘፈን የሚያልቀው፤ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልሙኤል አባቱን ወደ ዳሱ ይዞት ወጣ። «ጨዋታው ይመልሰው ይሆናል» አለኝ። ሻኒስ ከዶሮ ፋብሪካው ውላ በዚያው በሥራ ልብሷ መጣች። ጎረቤትሽ ሆባርት የተጠበሰ አሳ በሰሃን ይዞ፣ የመኪናው ኋላ ላይ ተቀመጠ። ልሙኤል ከበሮሽ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ እንዲታፈን በትልቁ ከበሮ ሆድ ውስጥ አጥፈሽ የከተትሽውን ሽርጥ አየው፤ አልነካውም። እስካሁንም እዚያው ነው።

ቶሊቨር ጀመረ። ኦዜላ፣ ደህና ነበር! ጣቶቹ ምንም አልረሱም፣ ድምፁም የድሮው ነው። ሻኒስ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ዘፈኑ ቀጠለ። ሆባርት አሳውን ጨረሰ። ዘፈኑ ቀጠለ።

«ልሙኤል!» አለ ሆባርት ከመኪናው ላይ። «ይሄ ዘፈን በእግሩ ሜምፊስ ሊገባ ነው እንዴ?»

«ሆባርት፣ አጥንቱን እየጋጥክ ዝም በል» አልኩት።

«ኧረ ሚስ ሉቪኒያ፣ አጥንቱም አልቋል! አሳው ከተጠመደበት ጊዜ ጀምሮ ነው እኮ የሚዘፍነው!»

ልሙኤል ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «አክስቴ፣ ምን ላድርግ?» አለ።

«አባትህ እስኪያቆም ነዋ፤ ደንቡን አታውቅም?»

«አያቆምማ!»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ምታ።»

ሻኒስ ጣቷ ተኮማትሮ ቤዙን በአውራ ጣቷ መምታት ጀመረች። እኔ ወገቤ እንደ ደረቅ እንጨት ሆነ። በመጨረሻ የጊታሩ ክር ተበጠሰና ቶሊቨር ክር ለመቀየር ዳሱ ጥግ ሄደ። ያን ጊዜ ብቻ እጃችንን አነሳን። በሌላው ቀንም እንደዚያው ሆነ። ከዚያም በኋላ። እኛ የአባባን ደንብ ይዘን እሱን እንጠብቃለን፤ እሱ ደግሞ የሚጠብቀውን እኛ አናውቅም።

ምስጢሩን ያገኘችው ሻኒስ ናት። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው በየዓመቱ የምናደርገውን የፍየል ድግስ ቀርጾ ኖሮ፣ ፊልሙን በስልኳ አመጣችልኝ። ቀራጩ የቆመው ከጎን ስለነበር አንቺም ቶሊቨርም አንድ ላይ ትታያላችሁ። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ብቻ፣ ከነባርኔጣዬ። «አያቴን እያት አክስቴ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ እጇን እያት» አለችኝ። መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። አገጭሽን ትንሽ ቀና ታደርጊያለሽ። የትንሿን ከበሮ ጠርዝ በእንጨቱ ሁለት ጊዜ ትመቺያለሽ፤ ቋ፣ ቋ። ከዚያ በኋላ ነው የቶሊቨር እጅ የሚወርደው፣ ከዚያም በኋላ ተረከዙ። በሚቀጥለውም ዘፈን እንደዚያው። በሁሉም።

አንድም ዘፈን እሱ አቁሞ አያውቅም። ስታቆሚ የኖርሽው አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፤ አልዋሽሽም። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። በአንድ ድግስ ላይ፣ «ዘፈኑ ምነው ዛሬ አጠረ?» ብዬ ስጠይቅሽ «ጎመኑ ሊያር ነው እኮ፣ ሚስ ሉቪኒያ!» ብለሽ ወደ ምድጃው ሮጥሽ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነበር የነገርሽኝ። ስንቱን ዘፈን ለድስት ብለሽ ቆረጥሽው? ቶሊቨር ያንን ሴቶች የሚያፍሩበትን ስንኝ ሊጀምር ሲል ዘፈኑ ሁልጊዜ ድንገት የሚያልቀው ለዚህ ነበር ለካ! ከሴናቶቢያ የመጣችው ባለ ቀይ ቀሚሷ ሴትዮ ከፊቱ መጥታ ስትወዛወዝም ሦስት ዘፈን በተከታታይ ገና ከመጀመራቸው አለቁ። እኔ ያን ቀን ወንድሜ ጨዋ ሆነ ብዬ አመስግኜዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን መነገር አለበት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳሱ ውስጥ ተሰበሰብን። ልሙኤልን ሁለቱን ምቶች አስተማርኩት። ቶሊቨር ዘፈኑን ጀመረ፣ ተጫወትን፣ በቂ ሲመስለን ልሙኤል ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንገቴን ነቀነቅሁለት።

ቋ፣ ቋ።

ቶሊቨር ቀጥ አለ። እጁ ወረደ፣ ተረከዙ ቆመ። ፊቱ ከቀብርሽ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁም። ሳይዞር፣ ወደ ፊት እያየ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ደረሰ፣ ጎመኑ ነው አሳው?» አለ።

ከዚያ ዞረ።

«ልሙኤል፣ የእናትህ ወንበር ላይ ምን ታደርጋለህ? እሷስ?»

ልሙኤል አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔ እንግዲህ የሰውን ልጆች በሙሉ እውነት ተናገሩ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «ቶሊቨር» አልኩት፣ «ኦዜላ ሞታለች። በመጋቢት ቀበርናት። አንተም ቆመህ ነበር።»

«ማን?»

«ኦዜላ።»

ጊታሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ልክ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። «ሚስቴ ሞታ» አለ፣ «ሚስቴ ሞታ እኔ እዚህ ተቀምጬ ጊታር እጫወታለሁ? እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? እንዴት ሰው አይነግረኝም?» ቀጥሎ የሆነውን አልጽፍልሽም። አንቺ ቆመሽ ማየት አትችዪም ነበር፤ እኔም አልቻልኩም፣ ግን የምሄድበት አልነበረኝም።

ሲነጋ ረስቶት ነበር። ጊታሩን አንስቶ ወደ ዳሱ ሄደ። እንደገና ሞከርን፤ ምናልባት የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ ነው ብለን። ቋ፣ ቋ። ፈገግታው። «ምን ደረሰ?» ከዚያ ዞረ። እንደገና ሞትሽ። እንደገና ማንም እንዳልነገረው ሆኖ፣ ለእሱ ያን ሰዓት የሞትሽ ሆነሽ።

በሦስተኛው ጊዜ ልሙኤልን አላስቻለውም። «ሱቅ ሄዳለች፣ አባዬ» አለው። «ዱቄት ልትገዛ ነው፣ ትመጣለች።» እኔም አላረምኩትም። ቶሊቨርም «እሺ» ብሎ በሰላም ከእኛ ጋር በላ። ከማዕድ ተነስተን ሰሃን ስናጥብ የእሱን ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘነው። ልሙኤል በመኪና ሲዞር ያገኘው በትልቁ አውራ መንገድ ዳር ነው፤ በዚያ ፀሐይ፣ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ እንጨት የጫኑ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉበት። «ወዴት ነው አባዬ?» ሲለው፣ «ዱቄቱ ይከብዳታል፤ ላግዛት ብዬ» አለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሸቱንም እውነቱንም ከለከልኩ። ሁለቱን ምቶች ማንም እንዳይመታ አልኩ። ዘፈኑ ይቀጥል።

ዘፈኑ ሲቀጥል ደግሞ ጣቶቹ አሉ። በብርዱ ወራት አልጋ ላይ ሲሰነብት የጣቱ ጫፍ ጠንካራ ቆዳ ለስልሶ ነበር። አሁን ክሩ ይቆርጠዋል። ስኳር እንዳለበት ታውቂያለሽ፤ ቁስሉ አይጠግግለትም። ቤት ለቤት የምትዞረዋ ነርስ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ የግራ እጁን መሃል ጣት አገላብጣ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሜቴ፣ ይሄ ቁስል ወደ አጥንት ከገባ ጣቱን ይቆርጡታል። ምናልባትም በእሱ ላያበቃ ይችላል። ጊታሩን ይደብቁት» አለችኝ።

ደበቅነው። እኔ ቤት፣ አልጋዬ ሥር። ቶሊቨር እንደሚያለቅስ፣ እንደሚቆጣ ገምተን ነበር፤ አላለቀሰም። «ሉቪ፣ ጊታሬን ሸጥሽው አይደል? አባባ ይሰማሻል» አለኝ። ምሳ ሲቀርብ ሰሃኑን በትህትና ገፋ አደረገው። «ገና አልተጫወትንም እኮ» አለ። ባንዱ የሚበላው ከጨዋታ በኋላ ነው አይደል? ዕድሜውን ሁሉ እንደዚያ ነው የበላው። ራትም አቀረብንለት። በማግስቱም አቀረብንለት። ሻኒስ የምትሠራውን የበቆሎ ዳቦ እንኳ፣ ያንን ሁልጊዜ ከምጣዱ የሚሰርቀውን፣ «ቆይ ልጄ፣ አያትሽ ታቁምና እንበላለን» አላት። ነርሷ ስትመጣ ደነገጠች። ጊታሩን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ራሴ አመጣሁለት።

እንግዲህ ይህ ነው የሆንነው፣ ኦዜላ። ካልተጫወተ አይበላም። ከተጫወተ ጣቱ ይደማል። ካስቆምነው አንቺ ትሞቺበታለሽ። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ለልጅ አይሰጥም ብዬ አምን ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የፍየሉ ድግስ ነበር። ልሙኤል ዘንድሮ ይቅር ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ይደረግ ያልኩት። አባባ ካረፈ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ሁለት ፍየል ታረደ፣ ሆባርት ጥብሱን ያዘ፣ ሰው እስከ መንገዱ ድረስ መኪና አቆመ። ዳሱ ሥር አቧራው እስኪነሳ ተጨፈረ። ቶሊቨር ጣቶቹን በነርሷ ፕላስተር ጠቅልሎ፣ ያንን ግራጫ ባርኔጣ አድርጎ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ እልል አለ። ልጃገረዶቹ በሻኒስ ዙሪያ፣ ሽማግሌዎቹ በጥብሱ ዙሪያ። ያቺ የሴናቶቢያዋ ሴትዮ ሳትቀር መጥታለች፤ አሁን በምርኩዝ ነው የምትወዛወዘው።

«ቶሊቨር! አሁን ጠባቂ የለብህም፣ ያቺን ስንኝ በላት!» አለችው።

ቶሊቨርም ወደ ኋላው በአገጩ እየጠቆመ፣ «ኧረ ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልሙኤልም አልሳቀም።

ዘፈኑ ቀጠለ። የሚጨፍሩት ውሃ ሊጠጡ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ፣ አልተመለሱም። ልጆች ሣሩ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ሴቶች ድስታቸውን እያነሱ፣ ዓይናቸውን እየሸሹ ተሰናበቱኝ። ሆባርት ያን ቀን የመጨረሻዋን ቀልድ ከተናገረ ቆይቷል። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ፒያኖው መጣና ጆሮዬ ሥር፣ «ሚስ ሉቪኒያ፣ ጊታሩ ላይ ደም አለ» አለኝ።

አየሁት። ፕላስተሩ ተልጦ ወድቋል። ነጩ የጊታር ፊት ላይ ደሙ ወደ ታች ወርዷል።

«አክስቴ፣ ልምታ?» አለ ልሙኤል ከኋላዬ።

«አትምታ።»

«አክስቴ፣ ጣቱን እኮ ሊያጣ ነው! ልምታ?»

ኦዜላ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጁ አምሳ ዓመት አልፎታል፤ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ እንደ ሕፃን ፈቃድ ይጠይቀኛል። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እጄን ከፒያኖው ላይ አነሳሁ። የአባባን ደንብ አፈረስኩ። እኔ ስተው ሻኒስ ተወች፣ እሷ ስትተው ልሙኤል ተወ። ቶሊቨር ብቻውን ቀረ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ያቆም ይሆናል ብዬ ነበር።

አላቆመም። ጊታሩ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ብቻውን ሄደ፤ ከተረከዙ ድምፅ ጋር። ከዚያ ራሱን ወደ እኔ መለስ አድርጎ፣ የተቆጣ ሳይመስል፣ ድሮ ዘፈን ላይ ስሳሳት ይል እንደነበረው አድርጎ፣ «ሉቪ፣ ምነው? ኦዚ እኮ ገና አላቆመችም» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዘፈኑ እስካለ ድረስ ከኋላው ነሽ። ስለዚህ ነው ሲጫወት የማይዞረው። ሲጫወት አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አያውቅም፤ መዞር አያስፈልገውማ፣ እዚያ መሆንሽን ያውቃል። ከበሮው ቢኖርም ባይኖርም አንቺን ይሰማል። እኔ ቆጥሬ የምገባ፣ ቆጥሬ የምወጣ ሰው፣ ለዚህ የሚሆን ቁጥር አጣሁ። እጄን ወደ ፒያኖው መለስኩ። ሻኒስ ተከተለችኝ። ልሙኤል አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ተከተለን። ፀሐይዋ ከጥጥ ማሳው በላይ ስትቀላ የቶሊቨር አንገት ወደ ደረቱ ጎበጠና፣ ጊታሩን እንዳቀፈ እንቅልፍ ወሰደው። ያኔ እጆቹን አጠብን፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቀለልን። ሲነቃ ዘፈኑ ያለቀ መስሎት ተደስቶ በላ። «ጥሩ ድግስ ነበር» አለ። «ኦዚ ደክሟት ተኛች መሰለኝ፣ አትቀስቅሷት።»

እኛም አልቀሰቀስንሽም።

ከዚያ ወዲህ በተራ ሆነናል። ነርሷ ጣቱን በየቀኑ ትጠቀልላለች፤ ጊታሩን ይደብቁት ማለቱን ትታለች። ትናንት መሃል ጣቱን አገላብጣ ስታየው ቆየች፤ አተያየቷን አልወደድኩትም። ልሙኤል ቀጭን ክር ገዝቶ አጠለቀለት፤ ድምፁን ስለማይወደው ቶሊቨር በኃይል ይመታዋል፣ ስለዚህ እሱም ትርፉ ያው ሆነ። ሻኒስ ከሥራዋ በፊትም በኋላም ትመጣለች። ሆባርት ሙዚቃ የማያውቅ ሰው፣ እኛ ስንዝል ከሻኒስ እየተማረ ባልዲ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ምቱ ደንበኛ አይደለም፣ ግን አልነቅፈውም። መንቀፍ ትቻለሁ ብል አታምኚኝም።

አሁን ልሙኤል ከዳሱ ይጣራል። «አክስቴ! ተራሽ ነው!» እጁ ዝሎ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ሲጥለው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን ልጠይቅሽና ልሂድ።

አንቺ ማቆሚያውን ሁልጊዜ ታውቂ ነበር። አንገቱ ሲደክም፣ ድምፁ ሲሳሳ፣ ድስቱ ሲበስል። ጊዜው መቼ እንደሆነ አንድም ቀን ተሳስተሽ አላየሁም፤ ፊልሙን ደጋግሜ አይቻለሁ። እኛ አናውቅም። ብናውቅም እጃችን የአንቺ እጅ አይደለም፤ እኛ በመታን ቁጥር የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው። ስለዚህ አንመታም። ልሙኤልን ቃል አስገብቼዋለሁ፣ እኔም ቃል ገብቼልሻለሁ። ተራ እየጠበቅን እስከቻልነው እንጫወታለን፤ ጣቱ እስከቻለ፣ ወገቤ እስከቻለ።

ግን የምትሰሚን ከሆነ፣ ጊዜው ደርሷል ስትዪ፣ ከኋላው ሆነሽ አንቺው ራስሽ ምቺለት። ምን እየለመንኩሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የእናቴ ልጅ ነው፤ ከእሱ ሌላ የቀረኝ የለም። ቢሆንም ምቺለት። ፈገግ ይበል፣ ጎመኑ ነው አሳው ብሎ ይጠይቅሽ። ሲዞርም አንቺን ያግኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታሽ የተጫወተችው እህትሽ፣

ሉቪኒያ ፔቲግሩ